ጨው መርዝ ነው ያለው የደሴ ሰውና የተከተሉት 27 መልሶች

የፌስቡኩን ክር የከፈተው ደሴ የሚኖር አባት ነው። የ9ኛ ክፍል ልጁን የኬሚስትሪ ደብተር ሲያገላብጥ ጨው ከሶዲየምና ከክሎሪን እንደሚሠራ አነበበ። ስልኩን አንሥቶ ሁለቱን ሲፈልጋቸው ያገኘው ነገር እንቅልፍ ነሳው። ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚቀጣጠል ብረት ነው፤ ክሎሪን ደግሞ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጀ ጋዝ። ታዲያ ሁለቱም ካሉበት ሽሮው ድስቱ ላይ ለምን አይፈነዳም? እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። አላቆመም። በፓኬት የሚሸጠው ጨው አዮዲን የሚባል ኬሚካል ስለሚጨመርበት ከእንግዲህ ደጁን እንደማይረግጥ፣ እሱ ወደ አያቶቹ አሞሌ እንደሚመለስ፣ አሞሌ ኬሚካል ያልነካው የተፈጥሮ ጨው መሆኑን በሙሉ ልብ ጻፈ። ሌላውም እንዲከተለው መከረ። ሥራዬን ትቼ የተከታተልኩት ክር ስለሆነ ላላነበባችሁት በየቁጥሩ ላውራችሁ።

1ኛው መልስ ምርቃት ነው። አንዲት የሐይቅ ልጅ ለአባትየው ጤና፣ ለልጁ ጥሩ ውጤት ተመኝታ ስለ ጨው አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣች። 2ኛው ለምርቃቱ መርሐባ አለ። ወሎ ነውና ምርቃት ሳይቀድም ክርክር አይጀመርም።

ቁም ነገሩ በ3ኛው መጣ። ከወልድያ የጻፉ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። ጠያቂውን ወንድሜ እያሉ፣ ሳይቆጡ አስረዱት። የሶዲየም አቶም መሀሉ ላይ ፖዘቲቭ የሆኑ 11 ፕሮቶኖች፣ ዙሪያው ላይ ኔጌቲቭ የሆኑ 11 ኤሌክትሮኖች አሉት። ኤሌክትሮኖቹ 2፣ 8፣ 1 ሆነው በየእርከናቸው ይደረደራሉ። ጣጣው ሁሉ ዳር ላይ ብቻዋን የቀረችው ናት፤ ሶዲየም እሷን የሚቀበለው ሲያገኝ አይውል አያድርም። ክሎሪን 17 ነው፤ 2፣ 8፣ 7። እሱ ደግሞ አንዲት ጎድላዋለች። ሲገናኙ አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ሰጪው ፖዘቲቭ፣ ተቀባዩ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዘው ይቀራሉ። ከዚያ ወዲያ አዮን ይባላሉ። የሚያያይዛቸውም ይኸው የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ መሳሳብ ነው፤ አዮናዊ ትስስር የሚባለው። መምህሩ ነገሩን ከጋብቻ ጋር አመሳሰሉት፤ ሳያገቡ ሰፈር ያስቸገሩ ሁለት ሰዎች ትዳር ሲይዙ እንደሚሰክኑት።

ስለ ሽሮው የሰጡት ማብራሪያ ግን ከጋብቻው ይልቅ አንጀቴን አራሰኝ። ሶዲየም ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚንጫጫው ያችን አንዲት ኤሌክትሮን ለውሃው ሲያስረክብ ነው። በዚያን ጊዜ ሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣል፣ ሙቀቱም ጋዙን ያቀጣጥለዋል። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ግን ኤሌክትሮኗን አስረክቦ የጨረሰ ነው። ምን ቀርቶት ይሰጣል? ውሃ ሲገባ ይሟሟል፣ በቃ።

በ4ኛው ጠያቂው ተመለሰ። ኤሌክትሮኑን ከሰጠ ሶዲየም መሆኑ ቀረ ማለት ነው ወይ የሚል ነበር፤ ደህና ጥያቄ ነው። 5ኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ባይ መለሰለት። የአንድ ንጥረ ነገር ማንነት በፕሮቶኑ ቁጥር ነው የሚታወቀው። 11 ፕሮቶን ያለው ኤሌክትሮኑ 11 ሆነ 10 ሶዲየም ነው። ይኼን ካለ በኋላ፣ መምህርን ይቅርታ ጠይቆ፣ ጋብቻውን አፈረሰው። ጨው ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተቀመጠ የለም። አንዱ የሶዲየም አዮን በላይ በታች፣ በፊት በኋላ፣ በግራ በቀኝ በስድስት የክሎሪን አዮኖች ተከቧል፤ እያንዳንዱ የክሎሪን አዮንም እንዲሁ በስድስት ሶዲየም። NaCl የሚለው ፎርሙላው አንድ ለአንድ የሚለው የቁጥራቸውን ምጣኔ ለመንገር ነው እንጂ ተለይተው የሚኖሩ ሁለት ሰዎችን አይደለም። ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈልገውም ለዚህ ነው፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተያይዟል።

6ኛው እንዲህ ያለውን ስድስት ለስድስት ጋብቻ የትኛው ሽማግሌ እንደሚያስታርቅ ጠየቀ። 7ኛው ከዚያ የባሰ ቀለደ፤ አልጽፈውም።

8ኛውን የጻፈው ባቲ የሚነግድ ሰው ነው፤ ጨው ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው። ለአሞሌ ይቆማል ብዬ ስጠብቅ ጠያቂውን ፊት ለፊት ተቃወመው። አሞሌም የፓኬቱም ዋናቸው ያው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የአፋር ጨው የቀይ ባሕር ውሃ ዝቅተኛውን ምድር ሞልቶት፣ ኋላም ተንኖ የተወው ነው፤ ከተፈጥሮ መምጣቱ ከኬሚካልነት አያወጣውም። ከዚያ ወደሚወደው ነገር ገባ። ግርድፍ ጨው ከጆንያ ሲያፍስ ትልልቁን ፍሬ መርጦ በቢላ ጀርባ መታ ያደርገዋል። እንደ ድንጋይ አይደቅም፤ ቀጥ ብሎ፣ ፊቱ እንደ መስተዋት ልሙጥ ሆኖ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን ደግሞ ቢመታው እንደገና ቀጥ ብሎ ይከፈላል። ልጁ የስልኩ ካሜራ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ አንጠልጥላ ደቃቁን ጨው በዚያ ስታሳየው ያችም ብናኝ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆና ተገኘች። ለምን የሚለውን እንዲነግሩት ለመነ።

9ኛው ኮምቦልቻ ብየዳ የሚሠራ ነው። የሱ ጥያቄ ከዚያው ላይ ተቀጠለ፤ ብረት ሲቀጠቀጥ ይተጣጠፋል እንጂ እንደ ጨው የማይሰነጠቀው በምን ምክንያት ነው? 10ኛው፣ ያው የዩኒቨርሲቲው ልጅ፣ ሁለቱንም ባንድ መለሰ። ጨው ውስጥ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እየተፈራረቁ ነው የተሰለፉት። በምት አንደኛው ረድፍ አንድ እርምጃ ከተንሸራተተ ፖዘቲቩ ፖዘቲቩ ፊት ይቆማል፤ ይገፋፋሉ፣ በዚያው መስመር ልሙጥ ሆኖ ይከፈላል። ሳጥን ሳጥን የሚሆነውም ሰልፉ ራሱ በቀጥታ ማዕዘን ስለተሠራ ነው። ብረት ላይ ግን የውጭ ኤሌክትሮኖች የማንም አይደሉም፤ በአቶሞቹ መካከል እንደልባቸው ይዘዋወራሉ። ረድፉ ቢንሸራተት የሚጣላ የለም፣ ኤሌክትሮኖቹ አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ይታጠፋል። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውም በነዚሁ ተዘዋዋሪዎች ነው። ጨው ደረቅ ሳለ አያሳልፍም፤ ሲቀልጥ ወይም ሲሟሟ ግን አዮኖቹ ይለቀቁና ያሳልፋል። በያጁ አመስግኖ፣ የረጠበና ያላበው ጓንት ለምን ኤሌክትሪክ እንደሚያስነዝረው አሁን እንደገባው ጨመረ። ላብ ጨዋማ ነዋ።

11ኛውን ስታነቡ ቁም ነገር ያዙበት። ጸሐፊዋ የደሴ ሴት ናት። ሽንት ቤት ስታጸዳ በረኪና ደፋች፤ ቢጫው አልለቅ ሲላት ለመጸዳጃ የሚሸጠውን አሲድ ጨመረችበት። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ የመዳፍ ያህል። ወዲያው አንድ የሚሰነፍጥ ነገር ጉሮሮዋን ያዘው፤ ዓይኗ አነባ፣ ደረቷ ተጨመደደ፣ እየሳለች ወደ ደጅ ወጣች። ሌሊቱን ሙሉ ስታስል አደረች። የሷ ጥያቄ ያ ጨው ውስጥ ያለው ክሎሪን ነው ወይ የሚል ነበር።

12ኛዋ ከሚሴ የምትሠራ ነርስ ናት፤ በመጀመሪያ እታለም እግዜር አተረፈሽ ብላ ነው የጀመረችው። በረኪና ውስጥ ክሎሪኑ ከኦክስጅን ጋር ተያይዞ ነው ያለው። አሲድ ሲገባበት ይላቀቅና ክሎሪን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ሆምጣጤም ሎሚም ይኼንኑ ያደርጋሉ፤ በመጠን ነው የሚለያዩት። ጋዝ ሲሆን ሁለት የክሎሪን አቶሞች አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን በጋራ ይይዛሉ፤ ይኼ ኮቫለንታዊ ትስስር ነው፣ መሰጣጠት ሳይሆን መጋራት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ ጀርመኖች የለቀቁት ጋዝ ይኸው ነው። ከአየር 2.5 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይዞ ይሄዳል፣ ምሽግ ውስጥ የነበረውን ወታደር የጨረሰውም ወደ ጉድጓዱ ስለወረደ ነው። ስለዚህ ከሸተተሽ አጎንብሰሽ ልጥረግ አትበይ፣ ውጭ፣ በሩን ክፍት ተይው የሚል ነው ምክሯ። ጨው ውስጥ ያለው ክሎሪን ግን የጎደለችውን ኤሌክትሮን አግኝቶ የተቀመጠ አዮን ነው። ማንንም አይነጥቅም። ሆስፒታል በክንድ የሚሰጠው ሳላይን አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው ነው፤ በቀጥታ ደም ስር ይገባል።

ለኔ የዚህ ክር እምብርት 12ኛዋ ናት። ጨው ውስጥ፣ በረኪናና የመጠጥ ውሃ ማከሚያው ውሃ አጋር ውስጥ፣ ኢፕር ላይ ያለው ሁሉም 17 ፕሮቶን ያለው ያው ክሎሪን ነው። ክሎሪን መርዝ ነው ወይስ አይደለም ብሎ መጠየቅ ራሱ ትርጉም የለውም፤ ከማን ጋር፣ በምን ሁኔታ የሚለው ካልተጠየቀ። ስም ብቻ እያዩ መደንገጥ ነው ፌስቡኩን ያጠፋው።

13ኛው ላይ መንደሩ ታመሰ። አንድ ሰው ጠያቂውን በመሃይምነት ከሰሰው፤ የልጁን ደብተር ልጁ ያንብበው፣ አባትየው ገበያው ላይ ይወሰን የሚል ዓይነት ነገር። 14ኛው የአዛውንት መልስ ነው። ሰው ባላወቀው መጠየቁ ነውር እንዳልሆነ፣ ነውሩ ያወቀ መስሎት የሚሳደበው ላይ እንደሆነ በሁለት መስመር ዘግተውበት ወጡ። እኔም ብሆን ከዚያ በላይ አልጨምርም ነበር።

15ኛው ከመርሳ ነው። ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን የቼርኖቤል ኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ የተለቀቀው ራዲዮአክቲቭ ነገር መሆኑን ቪዲዮ አይቶ አረጋግጧል። ወላሂ ብሎ መስክሯል። በ16ኛው የወልድያው መምህር ተመለሱ፤ አሁን ትንሽ ድምፃቸው ጠንከር ብሏል። አዮዲን 53 ፕሮቶን አለው። ጨው ላይ የሚጨመረው ከ74 ኒውትሮን፣ ማለት መሀሉ ላይ ካሉ ቻርጅ አልባ ቅንጣቶች፣ ጋር ነው፤ ሲደመር አዮዲን 127፣ ዕድሜ ልኩን የማይለወጥ። እ.ኤ.አ. በ1986 ከቼርኖቤል የወጣው ግን 78 ኒውትሮን ያለው አዮዲን 131 ነበር። አራት ኒውትሮን በዝቶበት አልረጋም፤ በየ8 ቀኑ ግማሹ እየተለወጠ ያልቃል። ፕሮቶናቸው አንድ፣ ኒውትሮናቸው የተለያየ ሲሆን አይሶቶፕ ይባላሉ። ኤሌክትሮናቸው እኩል ስለሆነ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሁለቱን አይለያቸውም፤ ያገኘውን ይሰበስባል። በዚያን ጊዜ ፖላንድ ውስጥ ለሕፃናት ደህናውን አዮዲን ያጠጧቸው እጢው ጠግቦ መጥፎውን እንዳይቀበል ነው። ስለዚህ የመርሳው ሰው የፈራው ነገር መድኃኒቱ ሆኖ ተገኘ።

17ኛው በክሩ ሁሉ አጭሩ ነው፤ ኤሌክትሮን ቢቀየር አዮን፣ ኒውትሮን ቢቀየር አይሶቶፕ፣ ፕሮቶን ቢቀየር ስሙም ይቀየራል የሚል ሐሳብ ነው። ከስሙ ሳይሆን ከሥዕሉ ተማሪ እንደሆነ ገመትኩ። የ9ኛ ክፍል ደብተር ሁሉ የፊት ገጹ ላይ ቢለጥፈው ያምርበታል።

18ኛው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ድንቅነሽን አመጣት። አይሶቶፕ ከተነሣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን የወሎ ልጅ ዕድሜ በካርቦን 14 ነው አይደል የለኩት ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ የወሎ ልጅ የሚለው ግን እሳት ለኮሰ። 19ኛው አፋር ነኝ ብሎ ጀመረ፤ ሐዳር የአፋር ምድር እንደሆነ፣ ወሎዬ ቆንጆ ሲያይ ሁሉ የኔ ነው ማለት እንደሚወድ ጻፈ። 20ኛው በስድብ መለሰ። 21ኛው ስድቡን መለሰ። አቦ፣ አጥንት ከመሬት ወጥታ በዚህ ስትጣሉ ብታያችሁ ተመልሳ ትገባ ነበር። 22ኛው ያስታረቃቸው የታሪክ ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ጆሃንሰን አጽሟን ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲያገኝ ሐዳር በወሎ ሥር ነበረ፤ ዛሬ በአፋር ክልል ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ኬሚስትሪውን 23ኛው መለሰ፤ እኔ ካነበብኩት ሁሉ ደስ ያለኝ እዚህ ነው። ካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜው፣ ማለት ግማሹ ተለውጦ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ስለሆነ ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ላለ ነገር አይሆንም፤ የሚቆጠር አይተርፍም። ለብራና፣ ለከሰል፣ ለእንጨት ነው የሚሆነው። የላሊበላን ድንጋይም አይለካም፤ ድንጋዩ ሕይወት ኖሮት አያውቅምና። የድንቅነሽን ዕድሜ የነገረን ድንጋይ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ነው። ከ10 ሺህ የፖታሲየም አቶሞች አንዱ ያህል እሱ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት። ሲለወጥ ከመቶ 11 ያህሉ አርጎን 40 ይሆናል፤ ፕሮቶኑ ከ19 ወደ 18 ይወርዳልና ስሙም አብሮ ይቀየራል፣ 17ኛው እንዳለው። አሁን ተመልከቱ። የአርጎን ኤሌክትሮኖች 2፣ 8፣ 8 ናቸው። አይሰጥም፣ አይቀበልም፣ አይጋራም። ድንጋይ እሳተ ገሞራ ውስጥ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ የሚይዘው ትስስር ስለሌለ በኖ ይወጣል። ድንጋዩ ሲረጋ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚፈጠረው አርጎን ጠጣሩ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል። ሐዳር ላይ አጽሟ በተገኘችበት አካባቢ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ ወስደው አርጎኑን ለኩ። ማንም ጋር የማይገጥም ጋዝ መሆኑ ነው ሰዓት ያደረገው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ 24ኛዋ፣ ነርሷ፣ ሰዉን ወደ ድስቱ መለሰችው። ደጋው ወሎ ላይ እንቅርት ድሮ ከየቤቱ አይጠፋም ነበር። ዝናብና ጎርፍ ከአፈሩ አዮዲኑን አጥቦ ስለሚወስደው እህሉም ውሃውም ላይ ያንሳል፤ አሞሌም ያን ሊሞላ የሚችል አዮዲን የለውም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም ነው። 50 ዓመት ሙሉ ቢደመር 3 ግራም አይሞላም፤ እሷ ስትታጣ ግን አንገት ያብጣል፣ እርጉዝ ላይ ሲሆን የሕፃኑን አእምሮ ይጎዳል። የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት ነው፤ አዮዲኑ ከሦስት ኦክስጅን ጋር ኤሌክትሮን ተጋርቶ የተያዘበት። እርጥበትና ፀሐይ ስለሚቀንሱት ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጥ ላይም ሊወጣ ሲል መጨመር። መጠኑ ግን በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ፤ የደም ግፊት የሚያመጣው አዮዲኑ ሳይሆን ሶዲየሙ ነው።

በ25ኛው ጠያቂው ብቅ ብሎ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የገዛው አሞሌ ምን ይሁን? የባቲው ነጋዴ በዚያው ሥር ለከብት እንዲያስልሰው ነገረው።

26ኛው የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ፎቶ አንሥቶ ለጠፈ። ጽሑፉ ላይ ካልሲየም ሁለት ፕላስ፣ ባይካርቦኔት አንድ ማይነስ ይላል፤ ምልክቱ ምንድን ነው፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥስ የሚጋገረው ነጭ ነገር ከዚህ ይመጣል ወይ? 27ኛው የዩኒቨርሲቲው ልጅ ነው። ካልሲየም ሁለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ ያለ አዮን ነው። ባይካርቦኔት ደግሞ አንድ ካርቦን፣ አንድ ሃይድሮጂንና ሦስት ኦክስጅን በኮቫለንታዊ ትስስር ተያይዘው፣ በቡድን አንድ ኔጌቲቭ ይዘው የሚዞሩ ናቸው። ውሃው ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ የቀረው ከካልሲየሙ ጋር ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ማንቆርቆሪያው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ነው። ሎሚ ተጨምቆበት ትንሽ ሲቆይ እየተንጫጫ ይለቃል። ማንቆርቆሪያውን አስቀድሞ በበረኪና ያጠበው ካለ ግን በደንብ ሳያለቀልቅ ሎሚ እንዳይነካው፣ 11ኛውን መልስ እንዲያነብ አሳሰበ።